ለመምህሩ ልጄ፦ ካንሰርን ስለ መከላከል በሳይንስ ክፍልህ ስለምታስተምረው

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔም እኅቶችህም አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። በስልክ ስናወራ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችህን ካንሰርን ስለ መከላከል እንድታስተምር ትምህርት ቤቱ እንደጠየቀህ ነግረኸኝ ነበር። ከየት እንደምትጀምር፣ በተለይም የማኅፀን በር ካንሰርን ክትባት ወንድ መምህር ሆነህ በልጃገረዶች ፊት እንዴት እንደምታነሣው ቸግሮሃል። ዕድሜዬን በአዋላጅ ነርስነት ያሳለፍኩ ሴት በመሆኔ በዚህ ጉዳይ የምለው አላጣም፤ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ግን በጽሑፍ አደረግሁት።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ትምህርት የሰልፍ ሰዓት ንግግር እንዳታደርገው እለምንሃለሁ። ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ «ራሳችሁን ከካንሰር ጠብቁ» የተባለ ልጅ ክፍል ሳይገባ ይረሳዋል። የትምህርቱ ቦታ ስለ ሕዋስ የምታስተምርበት ክፍለ ጊዜ ነው። ልጆቹ ሕዋስ ለሁለት እንደሚከፈል፣ ከመከፈሉ በፊትም የዘር መረጃውን የያዘውን ዲኤንኤ ገልብጦ እንደሚያባዛ ይማራሉ። እዚያው ላይ፣ በቅጂው አንዳንድ ጊዜ ስሕተት እንደሚገባ፣ ሕዋሱ አብዛኛውን ስሕተት ራሱ እንደሚያርም፣ ማረም ያቃተው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራሱን እንደሚያጠፋ ጨምርላቸው። ካንሰር የሚነሣው ይህ ሁሉ ጥበቃ ታልፎ፣ በዓመታት ውስጥ ስሕተት በስሕተት ላይ ተደራርቦ፣ አንድ ሕዋስ መከፋፈሉን ማቆም ሲሳነው ነው። ይህን የተረዳ ልጅ የትምባሆ ጭስ፣ ቫይረስና የሻገተ እህል ለምን በአንድ ርእስ ሥር እንደተሰበሰቡ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ያልተረዳው ግን የመንስኤዎቹን ዝርዝር ለፈተና ሸምድዶ በማግስቱ ይጥለዋል። እብጠትና ቁስል የሚያሳዩ አስፈሪ ፎቶግራፎችንም ተዋቸው፤ የፈራ ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ አያስብም።

ቀጥሎ ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው፣ ብዙዎች ግን ዘለውት የሚያልፉት፣ በመንስኤውና በበሽታው መካከል ያለው ርቀት ነው። ወባ ትንኟ ከነከሰች በኋላ በሳምንት በሁለት ሳምንት ስለሚጥል፣ አንተ የምታስተምርበት የሐርቡ ልጅ ሁለቱን ለማያያዝ አይቸገርም። ካንሰር ግን ብዙውን ጊዜ ከመነሻው በኋላ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ስለሚገለጥ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ዛሬ የሚያደርገው ነገር ከዚያ ጋር የሚገናኝ አይመስለውም። ትልልቆቹም ቢሆኑ ሲያጨሱ ያረጁ ሰው እያሳዩ «እሳቸው ምን ሆኑ?» ይላሉ። ስለዚህ የፐርሲቫል ፖትን ታሪክ ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1775 ይህ የለንደን ቀዶ ሐኪም፣ በልጅነታቸው የጭስ ማውጫ ሲጠርጉ የኖሩ ሰዎች ካደጉ በኋላ አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር እንደሚይዛቸው አስተውሎ ምክንያቱ ጥቀርሻው መሆኑን ጻፈ። (ካንሰሩ የቱ የሰውነት ክፍል ላይ እንደነበር ካልተጠየቅህ አትግባበት፤ ከተጠየቅህም የወንድ የዘር ፍሬ የተሸከመውን ከረጢት በስሙ ጥራው።) ስለ ዲኤንኤ ማንም በማያውቅበት ዘመን፣ ማን እንደታመመና ምን ይሠራ እንደነበር በማስተዋል ብቻ መንስኤው ተገኘ። ሳይንስ ማለት ይህ መሆኑን ልጆቹ ከዚህ የተሻለ የሚያዩበት ምሳሌ አላውቅም።

ከጥቀርሻ ወደ ማድ ቤት መሻገር ቀላል ነው። የካንሰር ምርምር ዓለም አቀፍ ኤጀንሲ ከማገዶና ከኩበት የሚወጣውን የቤት ውስጥ ጭስ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። ልጆቹ ግን እናቶቻቸውን ሊከስሱ ወደ ቤት እንዳይሄዱ ተጠንቀቅ፤ እንጀራው መጋገር አለበት። መስኮት ስለ መክፈት፣ ስለ ደረቅ እንጨት፣ ጭስ ስለሚቀንስ ምድጃ አስተምራቸው። ስለ ትምባሆ ብዙ አልጽፍልህም። ጭሱ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች እንዳሉትና ከእነዚህ ውስጥ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ መሆናቸው እንደሚታወቅ፣ ሺሻ በውኃ ስላለፈ እንደማይነጻ፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረትም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥ ክልክል መሆኑን ንገራቸው። ሕጉን እያወቀ ወደ ሱቅ ሲጋራ ግዛ ተብሎ የሚላክ ልጅ በክፍልህ ውስጥ እንዳለ ግን አትርሳ።

አንተ ያለህበት ቆላ ስለሆነ በእህል ሻጋታ ላይ ቆይ። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ለውዝና በርበሬ እርጥበት ሳይለቃቸው ሲከተቱ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም የጉበት ካንሰር ያመጣል። የተገኘበት ታሪክ ለልጆች የሚሆን ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ምክንያቱ ሳይታወቅ አለቁ፤ ሲመረመር የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ በልተው ነበር። ሻጋታው ታጥቦ ወይም ተቆልቶ ቢጠፋ እንኳ መርዙ በምድጃ ሙቀት ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፋ፣ የሻገተውን ለላም መስጠትም መርዙን በወተት በኩል መልሶ ወደ ቤት እንደሚያመጣው አስረዳቸው። እያንዳንዱ ልጅ እህል በቤቱ በጉድጓድ፣ በጎተራ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት እንደሚቀመጥ፣ ከመከተቱ በፊትም ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ ጠይቆ ይምጣ፤ ከመጽሐፉ ጥያቄዎች ይልቅ ይህ የቤት ሥራ ይበልጥ ያነጋግራል። ሻጋታ በክፍል ካሳየህ በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ይሁን። አፍላቶክሲን ጉበትን ከሚያጠቃው ከሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ጋር ሲገናኝ ጉዳቱ እጅግ ስለሚጨምር፣ የታናናሾቻቸውን የክትባት ካርድ እንዲያዩም አድርግ፤ ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት ክትባት ይህን ቫይረስ ይከላከላል።

አሁን ወደ ከበደህ ነገር ልምጣ። የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት ይታያል፤ መንስኤው ግን በግልጽ የታወቀ ነው። ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ሲሆን፣ ከአሥር ታማሚዎች የሰባቱ ያህል በሽታ የሚመጣው 16 እና 18 የሚል ቁጥር በተሰጣቸው ዓይነቶቹ ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ስትናገር ፊትህን ወደ ሰሌዳው አታዙር፤ ስለ ወባ ትንኝ በምታስረዳበት ድምፅ በለው፤ መምህሩ ካላፈረ የክፍሉ ሳቅ ቶሎ ያልቃል። ወንዶቹንም አታስወጣ፤ ነገ ሴት ልጃቸውን ያስከትቡ እንደሆነ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ከዚያ ወደ ጊዜው ተመለስ፦ ቫይረሱ ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ ሳያውቁት ይድናሉ፤ በጥቂቶቹ ላይ ተደብቆ ይቀርና ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ክትባቱ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ለዚህ ነው፤ አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ የያዘውን ቫይረስ አያድንም። ወላጆች «ልጄ ተጠርጥራ ነው ወይ?» ብለው ሲቆጡ መልሱ ይኸው ነው።

«ያመክናል» የሚለው ወሬ እናንተም ዘንድ መድረሱ አይቀርም። አትቆጣ፣ በሳይንስ መልስ፦ ከቫይረሱ ክትባቱ ውስጥ የገባው የውጭ ሽፋኑ ፕሮቲን ብቻ ነው፤ ዲኤንኤ ስለሌለው ሊባዛም ሊያሳምምም አይችልም፤ ሰውነት ሽፋኑን ለይቶ እንዲያውቅ ብቻ ያደርጋል። ስለ ሕዋስ በደንብ የተማረች ልጅ ይህን ለአያቷ ማስረዳት አያቅታትም። ለወላጆች ስብሰባ ግን ብቻህን አትቁም፤ አንዲት ሴት መምህርትና የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አብረውህ ይቀመጡ፣ ሼሁም ቄሱም ይጠሩ። በጸበልና በዱዓ የሚያምነውን ሰው ከሐኪም ጋር እንዲያማርጥ አታስገድደው፤ ሁለቱንም ማድረግ ይችላል።

ለእናቶችም የሚሆን ትምህርት አለ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በጤና ተቋም የማኅፀን በር ምርመራ ማድረግ ይችላሉ። የምናደርገው ቀላል ነው፦ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ፣ የኮምጣጤው ዓይነት ማለት ነው፣ በማኅፀን በሩ ላይ ይቀባል፤ የተለወጠው ቦታ ከደቂቃ በኋላ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜም ወደ ካንሰር ሳይለወጥ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይወገዳል። ስለ አሲድ ስታስተምር ይህን ብታነሣው ለመጽሐፉ ጥሩ ማሟያ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት መከላከል ይቻላል የሚለው ከካንሰሮች መካከል ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህሉን ነው። የቀረው ማንም ሳያጠፋ የሚመጣ ነው። እናቱ ወይም አባቱ ታመው ጥቁር አንበሳ የሚመላለሱበት ልጅ ክፍልህ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ የታመመ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ እንደሆነ የሚያስመስል ቃል አትናገር፤ በሽታው አብሮ በመብላትም ሆነ በማስታመም እንደማይተላለፍም ደጋግመህ ንገራቸው።

ከትምህርቱ በኋላ ወደ ኋላ ቀርታ «መምህር፣ እናቴን ደም ይፈሳታል» የምትልህ ልጅ ትኖራለች። አብሽሪ በላት እንጂ ለሕመሙ ስም አትስጠው፤ አንተ ሐኪም አይደለህም። ከወር አበባ ውጭ ወይም ወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚፈስ ደም ሳይዘገይ መታየት እንዳለበት ነግረህ ወደ ጤና ጣቢያ ምራቸው። ከእኔ ጋር መነጋገር የምትፈልግ እናት ካለችም ስልኬን ስጣት፤ የሶላት ሰዓት ካልሆነ በቀር አነሣለሁ።

እናትህ
ደሴ