የእንግዴ ልጅ ሽፋን አጥንት አያበቅልም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ጥርስ ተከላ ባወጣችሁት ጽሑፍ ከእንግዴ ልጅ የሚዘጋጀው ስስ ሽፋን «አጥንት አብቃይ» መባሉ፣ የጥርስ ሐኪም ለሆንኩት ለእኔ አልተዋጠልኝም። ሽፋኑ በዋናነት አጥር ነው። የድድ ሥጋ ፈጥኖ ያድጋል፤ አጥንት ግን ዝግ ይላል። በመንጋጋ ላይ አጥንት ስንተክል ሥጋው ቀድሞ ክፍተቱን ከሞላው ልፋታችን ከንቱ ይቀራል፤ ሽፋኑ የሚከለክለው ይህንን ነው።

ብልጫው ስስነቱ ነው። ሲረጥብ ቦታው ላይ ልጥፍ ስለሚል ብዙ ጊዜ ራሱን ሽፋኑን በክር መስፋት አያሻም። በውስጡ ያሉት የዕድገት ፕሮቲኖችም የድዱን ቁስል ያግዛሉ ተብሎ ይታመናል። ይሁን እንጂ በሳምንታት ውስጥ ሟሙቶ ያልቃል፤ አጥንት ደግሞ ወራት ይፈልጋል። ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን እኔ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ሽፋን እመርጣለሁ። እስካሁን የተደረጉት ጥናቶችም አብዛኞቹ ጥቂት ታካሚዎችን ብቻ ያቀፉ ናቸው።

«አዲስ ግኝት» ማለታችሁም ልክ አይደለም፤ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዴቪስ የተባለ ሐኪም ይህንኑ ፅንሱን የሚከብበውን ሽፋን ለቆዳ ንቅለ ተከላ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሽፋኑ ከማን እንደሚገኝ ሳትጠቅሱ ማለፋችሁ ነው። ሽፋኑ የሚገኘው በአብዛኛው በታቀደ ቀዶ ሕክምና ከሚወልዱ፣ ፈቃዳቸውን ከሰጡና ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ ከተመረመሩ እናቶች ነው። እንግዴ ልጅን በክብር መቅበር ልማዱ በሆነ አገር፣ ታካሚው አፉ ውስጥ የሚገባው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። እርማት ስታወጡ ይህንንም ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ