ለአባባ፣ ከታምፓ፣ ፍሎሪዳ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «እዚያ መጥቼ ምን ልበላ? ከማንስ ጋር ላወራ?» አሉኝ። ኔትዎርኩ ተቆራረጠና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስ። እህቴ በትልልቅ ፊደል አትማ እንድትሰጥዎ ነግሬያታለሁ።

ለሁለቱም ጥያቄዎ መልሴ አንድ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ትንሽ የኩባ ሳንድዊች ቤት አለች። ያሳደጉን እኮ በሶማሊያው ጦርነት ሊረዱን ስለመጡት «ኩባዎቹ» እያወሩ ነው። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ሞተር ስለሚፈታው፣ ስኳሩ ላይ ቡና ጠብ ስለሚያደርገው። እኔ ደግሞ አሁን ከእነሱው ጋር ምሳ እበላለሁ።

ቤቷ ጌጥ የላትም። ረጅም ባንኮኒ፣ ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ ውጭ ለቆሙት ቡና የሚቀዳባት አንዲት መስኮት። አስተናጋጅ መጥቶ አያጎነብስልዎትም። ባንኮኒው ጋ ያዛሉ፣ ይከፍላሉ፣ ስምዎ ሲጠራ ተነሥተው ይወስዳሉ። የእኔን ስም እንዴት አድርገው እንደሚጠሩት ባልነግርዎ ይሻላል። ቀለም ቀቢው፣ ነርሷ፣ ፖሊሱ፣ ጡረተኛው አንድ ሰልፍ ላይ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ቤዝቦል ያሳያል። ማንም የሚያየው አይመስልም፣ ቻናሉን የቀየረ ግን ወዮለት።

ሳንድዊቹን ላስረዳዎ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ቀምሼው አላውቅም። የአሳማ ሥጋ ነው። ለእማዬ ይንገሩልኝ፣ የማውቀው በዓይኔና በአፍንጫዬ ብቻ ነው።

ዳቦው ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሳይቆረጥ አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሊጡ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ከላዩ የዘንባባ ቅጠል ይጋደምበታል። ሲጋገር ቅጠሉ ባረፈበት መስመር ላይ ይሰነጠቃል። «ላ ሴጉንዳ» የሚባለው ዳቦ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ እዚሁ ታምፓ ውስጥ ዳቦውን እንዲህ ይጋግራል። ለሆሳዕና ከምናስረው ዘንባባ ጋር ዘመዳሞች መሆናቸውን ለእማዬ ብነግራት ደስ ይላት ነበር፣ አሳማው ባይኖር።

ከዚያ ዳቦው ለሁለት ይሰነጠቃል። በነጭ ሽንኩርትና በጎምዛዛ ብርቱካን ተዘፍዝፎ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። ሃም ይደረብበታል፣ ሳላሚ፣ የስዊስ ቺዝ፣ በኮምጣጤ የተቀመጠ ኪያር፣ ሰናፍጭ። ሰላጣና ቲማቲም የለም፤ ጨምሩልኝ ያለ ሰው እንግዳ መሆኑ ይታወቅበታል። በመጨረሻ በሁለት የጋሉ ብረቶች መሃል ይጫኑታል። ቺዙ እስኪቀልጥ፣ ቅርፊቱ ኩርሽም ኩርሽም እስኪል። በሰያፍ ይቆርጡትና በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡዎታል።

ሳላሚዋ ጠብ አላት። ማያሚ ያሉ ኩባዎች ሳላሚ ያለበትን የኩባ ሳንድዊች አይሉትም። የታምፓ ሰዎች ደግሞ ያለ ሳላሚ አይሆንም ባይ ናቸው። እዚህ ድሮ ከኩባዎቹ ጎን የሲሲሊ ጣሊያኖች ይኖሩ ነበር፤ ሳላሚው ከእነሱ መጣ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የከተማው ምክር ቤት ሳይቀር ተሰብስቦ፣ ሳላሚ ያለበት የታምፓው ሳንድዊች የከተማዋ መለያ ይሁን ብሎ ወስኗል። ምክር ቤት ስለ ሳንድዊች! ብለው እንደሚስቁ አውቃለሁ። እኔም ስቄያለሁ።

መነሻው የሠራተኛ ምሳ ነው። ኢቦር ሲቲ የሚባለው ሰፈር የተቆረቆረው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው። ቪሴንቴ ማርቲኔዝ ኢቦር የተባለ ባለ ሀብት የሲጋር ፋብሪካውን ኪ ዌስት ከምትባል የፍሎሪዳ ደሴት ወደዚህ አመጣ፣ ሠራተኛው ተከትሎት ጎረፈ። እርስዎን የሚያስገርምዎ ግን ምግቡ አይመስለኝም። ፋብሪካው ውስጥ አንድ አንባቢ ነበራቸው። ሠራተኛው ትምባሆ ሲጠቀልል እሱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ደመወዙን የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ራሳቸው፣ የሚነበበውንም የሚመርጡት እነሱ። የእናንተን ካድሬ ማን መርጦት ያውቃል? በመጨረሻ ባለ ፋብሪካዎቹ ወሬው አላማራቸውም፣ እ.ኤ.አ. በ1931 አንባቢዎቹን አስወጧቸው። በቦታቸው ሬዲዮ ገባ።

ወደ ሆድዎ ልመለስ። በፍስክ ቀን ፓን ኮን ቢስቴክ ያዝዛሉ። ስስ የበሬ ሥጋ በሽንኩርት ተጠብሶ፣ በላዩ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ የድንች ጥብስ ተነስንሶበት፣ በዚያው ዳቦ። ብረቱን ጠርገው በሌላው ጎን እንዲጠብሱልኝ እነግራቸዋለሁ፣ ለምደውኛል። የኩባ ዳቦ በልማዱ የአሳማ ስብ ይገባበታል። ይህችኛዋ ቤት የምታስመጣው ግን በአትክልት ስብ የተጋገረ ነው። አስቀድሜ ጠይቄያለሁ፣ ሐሳብ አይግባዎ።

ረቡዕና ዓርብም ጾምዎን አያድሩም። ጥቁር ባቄላ በሩዝ አለ። ካሳቫ ተቀቅሎ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በጎምዛዛ ብርቱካን ይቀርባል። ያልበሰለ ትልቅ ሙዝ ተቆርጦ ይጠበስና፣ ተደፍጥጦ እንደገና ይጠበሳል፣ ጨው ይነሰነስበታል። ይሄን አንዴ ከጀመሩት አያቆሙም። ባቄላው አንዳንድ ቤት ሃም ስለሚገባበት እሱንም ጠይቄያለሁ። ምግብ ቤት ገብቼ እንደ መርማሪ ነው የምጠይቀው፣ ልጆቹ ያፍሩብኛል።

ቡናው ላይ ግን ሙግት የለንም። ስኳሩን ከመጀመሪያዋ ወፍራም ጠብታ ጋር እስኪነጣ ይመቱታል፣ ከዚያ ቡናውን ይጨምሩበታል። ከላይ ቡናማ አረፋ ይይዛል። ለአንድ ሰው በትንሽ ሲኒ አለ። ለጓደኛሞች ደግሞ በአንድ ትልቅ ኩባያ ሞልተው ከጥቂት የጣት ጫፍ ከሚያካክሉ የፕላስቲክ ሲኒዎች ጋር ይሰጣሉ፣ ገዢው ለቆመው ሁሉ ያዳርሳል። ሐኪሙ ስለ ስኳር የነገረዎትን አልረሳሁም። አንድ ሲኒ ብቻ።

አሁን «ከማን ጋር ላወራ» ወዳሉት ልምጣ።

እመስኮቷ ጋ ጠዋት ጠዋት የሚቆሙ አንድ ሽማግሌ አሉ። ከየት ነሽ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ሐረር» አሉ። «ድሬዳዋ። ጅጅጋ።» ጥርት አድርገው። በ19 ዓመታቸው ታንከኛ ሆነው መጥተው ነበር። አባቴም እዚያ ነበር አልኳቸው። ካራማራ ላይ ነበር ወይ አሉኝ። የለም፣ ሐረር ሆኖ ካሚዮን ይጠግን ነበር ስላቸው ሳቁና «ታዲያ እሱ ባይኖር በእግራችን ልንሄድ ነበር?» አሉ። እንዴት እንደወደድኳቸው! ቆሎ ያስታውሳሉ። የሌሊቱን ብርድ ያስታውሳሉ። አፍሪካ ሙቀት ነው ተብለው መጥተው በሐረር ብርድ ተንቀጠቀጡ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርዎ። እርስዎ በየዓመቱ የካቲት 26፣ የካራማራ ድል ቀን፣ ሲመጣ ስለ ኩባዎቹ የሚያወሩት እዚህ በዚያው መንገድ አይወራም። እዚህ ያለው አብዛኛው ኩባዊ ያንን መንግሥት ሸሽቶ የመጣ ወይም የሸሸ ሰው ልጅ ነው። ቤቱን የተወረሰ አለ፣ ወንድሙ የታሰረበት አለ። ሽማግሌውም እ.ኤ.አ. በ1980 ከማሪዬል ወደብ በጀልባ ከወጡት መካከል ናቸው። «ጀግኖቻችን ናችሁ ይላል አባቴ» ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ማን ጠየቀን? ሂዱ ተባልን፣ ሄድን» አሉኝ። ከዚያ የመሯቸውን ጄኔራል ኦቾዋን አነሡ። እዚያ ጦርነት ያሸነፈው ሰው እ.ኤ.አ. በ1989 በገዛ መንግሥቱ ተረሸነ። እርስዎም ያንን ዜና የሰሙ ቀን እራት እንዳልበሉ እማዬ ነግራኛለች። የእኛም ጄኔራሎች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ያለቁት በዚያው ዓመት ነበር።

ስለዚህ ሲመጡ ፊደል ካስትሮን አያመስግኑብኝ። ባንኮኒው ጋ እንደዚያ ያለ ነገር ቢናገሩ ቡናው ይቀዘቅዛል። በእርግጥ እኔ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ ባይ ነኝ። ለእርስዎ የመጡት ሰዎች ነበሩ፤ ለእሳቸው ደግሞ የላካቸው መንግሥት ነበር። ይህን ለእናንተ ለሁለታችሁ ማስረዳት የእኔ ሥራ አይደለም፤ ስለ ሞተር ብታወሩ ይበቃኛል። እሳቸው ዛሬም ግቢያቸው ውስጥ የማይነሣ አሮጌ ፎርድ አላቸው። አባትሽ ናፍጣ ብቻ ነው የሚያውቀው ወይስ ቤንዚንም? ብለው ጠይቀውኛል።

ቋንቋው አያስቸግርዎትም። የኔ ስፓኒሽ ለምግብ ማዘዣ ብቻ ነው፣ ግን እዚያው ሰፈራችን ኩባ ውስጥ፣ ከወጣቶች ደሴት፣ ተምሮ የመጣው ጎረቤታችን አለልዎ። ከእሱ ጋር ሁለት ሦስት ከሰዓት በኋላ ይቀመጡ። የመኪና ዕቃ ስም ያስጠናዎት፤ ሰላምታው በምልክትም ይሆናል።

ቪዛው እኮ ተመቶ ቁጭ ብሏል አባባ። ግቢውን እህቴ ትጠብቃለች፣ ዶሮዎቹም አይሞቱም። ሙቀቱ ድሬዳዋን የኖረ ሰው አያስፈራውም። ከኅዳር በኋላ ቢሆን ግን ይሻላል፤ በዚህ በኩል የማዕበሉ ወቅት እስከ ኅዳር ድረስ ነው። ወሩን ይወስኑና ቲኬቱን ልቁረጥ።

አንድ መልእክት ደግሞ አለብኝ። ሽማግሌው ለሞቱት ጓደኞቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሐውልት ተሠርቷል ሲባል ሰምተዋል፣ አይተውት ግን አያውቁም። ከጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለውን ትግላችን ሐውልት ማለታቸው ነው። አለ ወይ፣ በምን ሁኔታ ላይ ነው ብለውኛል። ለሐኪም ቀጠሮዎ ወደዚያ ሲሄዱ እህቴ በስልኳ ፎቶ ታንሣውና በቴሌግራም ትላክልኝ። እርስዎም አጠገቡ ይቁሙ፣ ኮፍያዎን ያውልቁና ፊትዎ ይታይ።

ልጅዎ