ብታምንም ባታምንም ወጥቻለሁ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ሳይገርምህ አይቀርም። የዚያን ቀን ስልክህን ሳላነሳ ቀረሁ። ነገ እደውላለሁ ስል ሳምንት አለፈ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ አፈርኩና ዝም አልኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅር በለኝ። አሁን ግን ላንተ ካልነገርኩት የማይጥመኝ ነገር ገጠመኝ።

ኪሊማንጃሮ ወጣሁ።

አዎ፣ እኔ። ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆሞ "መልእክት እያነበብኩ ነው" እያለ ሲያታልልህ የነበረው ሰውዬ። 5,895 ሜትር። ሳቅህን ጨርስና ማንበብህን ቀጥል።

ተራራ የወጡ ሰዎች አንድ ነገር ይደብቁሃል። ስለ ፀሐይዋ አወጣጥ ይነግሩሃል፣ ከእግራቸው ስር ስለተዘረጋው ደመና ይነግሩሃል። ስለ ፈስ ግን ትንፍሽ አይሉም። ከፍ ባልክ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ የታሸገ አየር ሁሉ ይለጠጣል። የብስኩት ላስቲክ እንደ ኳስ ይነፋል። ሆድም እንደዚያው። የቀልድ ወሬ እንዳይመስልህ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ሁለት ሐኪሞች ተራራ ሲወጡ የታዘቡትን በሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተውታል፣ ሳይንሳዊ ስም ሁሉ ሰጥተውታል። ስም ያለው መሆኑ ድንኳን ውስጥ ምንም አይረዳህም። እኔና ድንኳን የተጋራኝ ሰውዬ በሁለተኛው ሌሊት ይቅርታ መጠየቁን ተውነው።

እንቅልፉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከፍታ ላይ የተኛ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና ድንገት ጭጭ ይላል። ቆይቶ ከውሃ እንደወጣ ሰው አየሩን ይስበዋል። ይህንን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ሰውዬው ጭጭ ሲል ሞተ ብዬ በክርኔ ጎሸምኩት። ዓይኑን ሳይገልጥ "አንተም ሌሊቱን ሙሉ ስትሞት ነበር፤ እኔ ግን አልቀሰቀስኩህም" አለኝ።

ወደ ጫፉ የሚኬደው በሌሊት ነው። ባራፉ ከሚባለው ሰፈር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ተነሳን። የግንባር ባትሪያችንን አብርተን፣ ፊት ያለውን ሰው ተረከዝ እያየን። መሪያችን በየደቂቃው "ፖሌ ፖሌ" ይላል፤ በስዋሂሊ ቀስ በል ማለት ነው። በሕይወቴ እንደዚህ የተመቸኝ ትእዛዝ የለም። የአየሩ ግፊት ወደ ግማሽ ስለሚወርድ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅንም እንደዚያው ግማሽ ነው። አእምሮም ይፈዛል። ራሴን ለማበርታት እርምጃዬን ስቆጥር ከ17 ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ ጠፋኝ። መልሼ ከአንድ ጀመርኩ።

ሲነጋጋ አፋፉ ላይ ደረስን። ደረስኩ ብዬ መሪያችን ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ስቅስቅ ብዬ ነው የምልህ። እሱም ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና "ይሄ ስቴላ ፖይንት ነው፤ ገና አንድ ሰዓት ይቀራል" አለኝ። እንባዬን እዚያ ስለጨረስኩት ዋናው ጫፍ ላይ የተረፈኝ ንፍጥ ብቻ ነበር።

ጫፉ ላይ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ሰልፍ! ከሰሌዳው አጠገብ ፎቶ ለመነሳት ሰው ተራ ይጠብቃል። አንዱ ባንዲራ ይዘረጋል፣ ሌላው በዚያ ብርድ ሸሚዙን ያወልቃል፣ አንዷ "ዓይኔ ተጨፍኗል፣ ድገመው" ትላለች። ተራዬ ሲደርስ ስልኬን አወጣሁ። ሞቷል። ማታ ከግማሽ በላይ ቻርጅ ነበረው፤ ብርዱ ጨረሰው። ብብቴ ስር ከትቼ ባሞቀውም እምቢ አለ።

ስለዚህ ማስረጃ የለኝም። እንዳትቸኩል ግን። ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ ሜይ 29 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. ኤቨረስት ጫፍ ላይ ሲወጡ ፎቶ ያነሳው ሂላሪ ነው። ቴንዚንግ በረዶ መቁረጫውን ከፍ አድርጎ ይዞ ይታያል። ሂላሪ እዚያ ላይ አንድም ፎቶ የለውም። ዓለም እሱን ካመነ አንተ እኔን ማመን አያቅትህም።

ሌላም የሚያናድድ ነገር ልንገርህ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሴቶች እዚሁ ተራራ ላይ፣ 5,714 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሙሉ 90 ደቂቃ ኳስ ተጫውተዋል። ዜሮ ለዜሮ ወጡ። እኔ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ የጫማዬን ክር ለማሰር አጎንብሼ፣ ክሩን ይዤ፣ ለምን እንዳጎነበስኩ ረሳሁት።

ጫፉ ላይ ትልቅ ሐሳብ ይመጣልኛል ብዬ ነበር። የመጣልኝ ያንተ ድምፅ ነው። "ሰውዬ፣ አሁን እንዴት ልትወርድ ነው?" ስትል ሰማሁህ። ብቻዬን ሳቅኩ። መሪያችን ከፍታው አናቴ ላይ የወጣ መስሎት ቶሎ እንድወርድ አደረገኝ። ስለ አወራረዱ ጉልበቴን ጠይቀው።

ትናንት ከዚያው ሰልፍ ላይ የተዋወቅኳት ሴትዮ የራሷን ፎቶ ላከችልኝ። ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ። መሀል ላይ እጇን ዘርግታ የምትስቀው እሷ ናት። ከጀርባዋ፣ ከሰሌዳው ግራ በኩል ልብ ብለህ እይ። አጎንብሶ መቀመጫው ብቻ የሚታየው ሰው አለ አይደል?

እኔ ነኝ።

ወንድምህ