1968 ስንት ጊዜ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አዲስ አበባ ስታዲየም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ካታንጋና ሚስማር ተራ ስለተባሉት የተመልካች ቦታዎች ያለው ወሬ አሳቀኝ፤ ጥር 1954 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 የረታንበትም ደህና ተተርኳል። ወረድ ስል ግን ስታዲየሙ የአፍሪካ ዋንጫን ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ያስተናገደው በ1968 ዓ.ም. እንደሆነና ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን እንደወሰደች ይነግረኛል። አቦ!

ኮንጎ ጋናን ያሸነፈችው በእኛ አቆጣጠር ጥር 1960 ነው። 1968 የፈረንጆቹ ነው። ጸሐፊያችሁ ቁጥሩን ከሆነ ቦታ ገልብጦ «ዓ.ም.» የምትል ጭራ ቀጠለበት፣ በቃ። የስምንት ዓመት ስህተት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ነገር ግን በእኛው 1968 ዓ.ም.፣ ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 5፣ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ እዚሁ አገር ተደርጓል። አንዱ 1968 ሌላውን ዋጠው። የተዋጠው ደግሞ የእኛ የድሬዎቹ ነው።

አንዱ ምድብ እንዳለ ድሬ ዳዋ ነበር፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር። ዛየር የወቅቱ ሻምፒዮን ነበረች፤ ያቺው ኮንጎአችሁ ናት፣ ስሟን ቀይራ። ድሬ ላይ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ተሰናበተች። ሞሮኮ ግን አልፋ መጋቢት 5 ቀን ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ወጥታ ዋንጫውን ወሰደች፤ የመጨረሻው ዙር በነጥብ ስለነበር አቻው በቃት። የት? አዲስ አበባ ስታዲየም! እኛን መርሳቱስ የለመድነው ነው፤ የራሳችሁን ስታዲየም ዋንጫ እንዴት ትጥላላችሁ?

ብሔራዊ ቡድናችን ከምድቡ ስላላለፈ ተረስቶ ይሆናል። ይገባኛል። ግን በ1960ውም አራተኛ ነበርን፤ እሱን አስታውሳችኋል። (የእሱም አንዱ ምድብ አሥመራ ላይ እንደተደረገ አልጻፋችሁም። ይሁን።)

በ1968ቱ የድሬ ዋንጫ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፤ ትኬት የገዛው ለራሱና ለታላቅ ወንድሜ ብቻ ነበር። እኔ ከአጥር ውጭ ቆሜ ጩኸቱን ሰማሁ። ቂሙ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ይኸው ከስንት ዘመን በኋላ ጋዜጣ ላይ ላየው ብል፣ ጋዜጣውም በር ላይ አስቀረኝ።

አዲስ አበባ ስመጣ «ድሬ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ? ቀልደኛ ነህ» ይሉኛል። አሁን የእናንተን ገጽ እየዘረጉ ውሸታም ሊያደርጉኝ ነው። ስታዲየማችሁ ለእድሳት ሲዘጋ ሊጉን ተቀብለው ካስተናገዱት ከተሞች አንዷ ድሬ መሆኗን ግን ማንም አያነሳም።

ለእርማቱ ብዙ ቦታ አልጠይቅም። «እ.ኤ.አ.» ሦስት ፊደል ናት። ለድሬ ደግሞ አንድ መስመር። ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር የምትቀብሩት ከሆነ ግን ይቅርብኝ።

አንባቢያችሁ፣
ከዚራ፣ ድሬ ዳዋ