ቅዳሜ ስለምንጀምረው የጃፓን ድራማ

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ «ቢዩቲፉል ላይፍ»ን እንጀምራለን። ኤሪኮ ኪታጋዋ የጻፈችው፣ የጃፓኑ ቲቢኤስ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ በ11 ክፍሎች ያሳየው የፍቅር ታሪክ ነው። ታኩያ ኪሙራ ፀጉር አስተካካዩን ሹጂን፣ ታካኮ ቶኪዋ ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀሰውን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ኪዮኮን ሆነው ይጫወታሉ። የመጨረሻው ክፍል በቶኪዮና አካባቢዋ 41.3 በመቶ ተመልካች አግኝቷል።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ኪዮኮ ከሕመሟ አትድንም። በቅርቡ ሐዘን የደረሰባችሁ ስላላችሁ ዱብ ዕዳ እንዲሆንባችሁ አልፈልግም። ድራማው ግን ለቅሶ ብቻ አይደለም። ኪዮኮ ቀይ መኪናዋን ራሷ የምትነዳ፣ መልስ የማታጣ፣ ከንፈር የሚመጥላትን ሰው የማትወድ ሴት ናት። ሹጂ ፀጉሯን ሲያስተካክል በተለይ እጁን ተመልከቱ፤ የሚነካት እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ ቆንጆ ሴት ነው። እኔ ይህን ድራማ የምወደው ከምንም በላይ ለዚህ ነው። ፍቅራቸውንም የሚፈትነው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ደረጃው፣ ጠባቡ በርና የአላፊ አግዳሚው ዓይን ጭምር ነው።

የእኛም ክፍል ፎቅ ላይ በመሆኑ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ አባላት ተቸግረው ነበር። ስለዚህ ከቅዳሜ ጀምሮ የምንሰበሰበው በመሬት ወለሉ አዳራሽ ነው። ሰዓቱ አልተለወጠም።