ቅዳሜ ስለምንነጋገርበት የደመወዝ ጉዳይ

ለኮምቦልቻና ለደሴ የልብስ ስፌት ድርጅት ባለቤቶች፤

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ኮምቦልቻ በተለመደው ቦታችን እንገናኛለን። የምንነጋገረው በዘርፍ ደረጃ የተወሰነ የደመወዝ ጭማሪ ከአቅሙ በላይ የሆነበት አሠሪ እንዴት ነፃ ልደረግ ብሎ እንደሚጠይቅ ነው።

ምሳሌያችን ደቡብ አፍሪካ ናት። እዚያ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የሥራ ግንኙነት ሕግ መሠረት፣ የዘርፍ ድርድር ምክር ቤት (የአንድ ዘርፍ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የሚደራደሩበት አካል) የደረሰበትን ስምምነት የሥራ ሚኒስትሩ ባልተደራደሩት አሠሪዎች ላይም ተፈጻሚ ሊያደርገው ይችላል። ያልቻለ አሠሪ ለምክር ቤቱ ያመለክታል፤ ከተከለከለ ለገለልተኛ አካል ይግባኝ ይላል። «ገበያ ቀዘቀዘ» ብሎ ማልቀስ ብቻ ግን አያዋጣም፤ ሒሳብን ገልጦ ማሳየት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን የምንሸሸው ደግሞ ይህንኑ ነው።

የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝን ጉዳይ ስለሚመለከት የደመወዝ ቦርድ ስለሚደነግግ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። አዋጁ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የዓመቱን የገቢና ወጪ ሒሳብም አትርሱ።

የሠራተኛ ተወካዮችን እንጋብዝ? እኔ እንጋብዝ ባይ ነኝ። ሐሳባችሁንና መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። ከደሴ የምትወርዱ፣ ሐረጎ ላይ ጭጋግ ሊኖር ስለሚችል በጊዜ ተነሡ።