ኮሚናሉን ለልጆቻችን እንክፈተው

ውድ የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ፣

ልጄ አራት ዓመቷ ነው። የምትበላው በግራ እጇ ነው። ማዕድ ላይ እንግዳ ካለ «በቀኝሽ ብይ እንጂ» ይላታል። ክፋት የለውም፤ እኛም እንዲሁ ተብለን ነው ያደግነው። ቀኝ እጇ ግን አይታዘዛትም። ሳትወለድ የግራው አንጎሏ ተጎድቷል፤ ቀኙን ጎን የሚያዘው ደግሞ እሱ ነው። በየብሎኩ ስንጠያየቅ እንደሷ አንድ ጎናቸው የማይታዘዝ ስድስት ልጆች አገኘን። አንዷ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

ለእነዚህ ልጆች የሚሠራ ሕክምና አለ። ጎበዙን እጅ ጓንት አልብሶ ማሳረፍ፣ ደካማውን በጨዋታ ማሠራት ነው። ባቄላ መልቀም፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈት፣ ኳስ መወርወር። ልጅ እምቢ ያለውን እጅ ይተወዋል። ሲተወው አንጎልም ይረሳዋል። ይህን ሕክምና ያመጣው ኤድዋርድ ታውብ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። እሱ ያለበት ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከ2 እስከ 7 ዓመት የሆናቸው 10 ልጆች ለሦስት ሳምንት ታከሙ። አንጎላቸው በኤምአርአይ ሲታይ እንቅስቃሴን የሚመራው ክፍል መጠኑ ጨምሮ ተገኘ። የተጎዳው ቦታ ዳነ ማለት አይደለም። አንጎል ግን ሲሠራ ይለወጣል። ይህን ያነበብኩ ቀን አለቀስኩ።

ሁለቱንም እጅ አብሮ የሚያሠራ ዘዴም አለ። እኩል ሰዓት ከተሠራ ውጤቱ ይቀራረባል። ዋናው ሰዓቱ ነው፤ በየቀኑ፣ ለሳምንታት፣ ሳያቋርጡ። እኛ ግን ለግማሽ ሰዓት ፊዚዮቴራፒ ታክሲ ሁለቴ ቀይረን መሀል ከተማ እንሄዳለን። ስንደርስ ልጄ ተኝታለች።

ቤት ውስጥ በትንሹ ጀምረናል። ባለፈው እሁድ በቀኝ እጇ አያቷን አጎረሰቻቸው። ግማሹ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። «ድገሚኝ» አሏት።

የብሎካችን ኮሚናል፣ የጋራ መገልገያ ቤታችን፣ ድግስ ከሌለ ዝግ ነው። ኮሚቴው ጠዋት ጠዋት ለልጆቹ ፈቅዶልናል። የጎደለን የሁለት መስኮት መስታወት፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ በልጅ ቁመት የተሠራ ጠረጴዛና ወንበር ነው። ከሁሉ የሚከብደው የፊዚዮቴራፒስቷ የአንድ ወር ክፍያ ነው። እሷ ታሳየናለች፣ ስንሳሳት ታርመናለች። ከዚያ እኛ እናቶች በተራ እንቀጥላለን። ጓንቱን ራሳችን እንሰፋለን።

የቻላችሁትን ለእድራችን ገንዘብ ያዥ ስጡልን፤ ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። አናጢ የሆናችሁ አንድ ቅዳሜ ስጡን። ትርፍ ፍራሽ ካላችሁ ንገሩን፣ መጥተን እንሸከማለን። ቤት ውስጥ የምታቆዩት ልጅ ካለም፣ እባካችሁ ይዛችሁት ኑ።